ትንሿ ሞተር ሮዳጅ ላይ ናት

«ሮዳጅ ላይ ናት፣ እንዳታስጮሃት።» ጅማ ውስጥ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ባጃጅ የነዳ ሰው ሁሉ ይህችን ምክር ያውቃታል። አዲስ ሞተር፣ ወይም ፒስቶኑና ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) የተቀየረ ሞተር፣ እስኪላመድ ድረስ፣ ማለትም በሮዳጁ ጊዜ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዝግታ ይነዳል፤ ብዙ ሰው አይጫንበትም፤ ዳገት ላይ አይጨነቅም። ለባጃጅ ደህና ምክር ነው። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ምክር እንዳለ በሪሞት ወደምትነዳ መኪና ሞተር ሲዛወር ነው። በሜታኖል የምትሠራ 2.1 ወይም 3.5 ሲሲ ሞተር በዝግታና በብርድ ሮዳጇን ከጨረሰች፣ ሥራ ሳትጀምር አረጀች ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ የሚያስረጃት ባለቤቷ እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠነቀቅላት መሆኑ ነው።

ነገሩ የሚገባን ውስጧን ስናይ ነው። የባጃጅ ፒስቶን ፋሻ አለው፤ የእነዚህ ትንንሾች ግን አብዛኞቹ ፋሻ የላቸውም። ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው። የሚመላለስበት ስሊቭ ከናስ የተሠራ ሆኖ ውስጡ በክሮም ተለብጧል። ይህ ስሊቭ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ይጠብባል። ልዩነቱ የሚሊሜትር መቶኛ ስለሆነ ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያውቀዋል። ካንዴላዋን (ነዳጁን የምታቀጣጥለውን) አውጥታችሁ ቮላኖውን (ከሞተሯ ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) በዝግታ ብታዞሩት ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ይይዛል፣ ትንሽ ስትገፉት «ጥ» ብሎ ያልፋል። በአዲስ ሞተር ላይ ይህ ጥበት የማስነሻውን ገመድ ጨርሶ አላስስብ እስከ ማለት ይደርሳል። ብልሽት የመሰለው ሰው ቮላኖውን በፒንሳ ይዞ ሲታገል፣ ባስ ሲልም በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ቀዳዳ ካቻቢቴ ሲሰድ ይታያል። ያ ጥበት ግን ብልሽት አይደለም። ኮምፕሬሽኑን የሚይዘው እሱ ነው፤ ገንዘብ የተከፈለበትም እሱው ነው።

ለፒስቶኑ የሚመረጠው አሉሚኒየም ሲሊከን የበዛበት ስለሆነ፣ ሲሞቅ ከናሱ ያነሰ ይሰፋል። ስለዚህ ሞተሯ ስትሞቅ ስሊቩ ከላይ ይከፈትለታል፣ ፒስቶኑም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ይንሸራተታል። ሞተሯ በ50 ወይም በ60 ዲግሪ ስትሠራ ግን ስሊቩ ገና አልተከፈተም። ፒስቶኑ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተመላለሰ ያንን ጠባብ አንገት ይፍቀዋል። ቢየላውም (ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ) በየዙሩ ይጎተታል፣ በየዙሩ ይገፋል። በእንዲህ ዓይነት ርኅራኄ ግማሽ ሊትር ያቃጠለች ሞተር ውሎ አድሮ ስትሞቅ ሚኒሞ (ያለ ጋዝ በዝግታ መዞር) አልይዝ፣ ከጠፋች በኋላም አልነሳ ትላለች። ባለቤቷ የካርቡሬተሩን የነዳጅ መርፌ ሲያስተካክል ይውላል እንጂ ነገሩ ከመርፌው አልፏል።

እንግዲህ የሮዳጁ ቁም ነገር ሙቀት ነው። ነዳጅ በዛ ብሎ ይገባል፤ ዘይቱ የሚደርሰው ከነዳጁ ጋር ነውና። የቴስታታዋ (የሞተሯ ራስ) ሙቀት ግን ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መሆን አለበት። ነዳጅ ማብዛትና ማሞቅ ደግሞ የሚጣሉ ነገሮች ናቸው፤ ያልተቃጠለ ሜታኖል ሞተሯን ያቀዘቅዛታል። የሮዳጅ ጥበብ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ጅማ ላይ ይህ እርቅ ከሌላ ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሞተሯ በአንድ ዙር የምትስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ መርፌው የሚያሳልፈው ነዳጅ ግን እንዲሁ በራሱ በዚያ ልክ አይቀንስም። ፋብሪካው መርፌውን አስተካክሎ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ ነው። በወረቀቱ ላይ «ለሮዳጅ ትንሽ ነዳጅ የበዛበት» የተባለው አከፋፈት እዚህ ሲደርስ በጣም የበዛበት ይሆናል። ሞተሯ ጭስ እየተፋች፣ ነዳጅ በማርሚታዋ እያንጠባጠበች፣ በ60 ዲግሪ ላይ ትንደፋደፋለች። ወረቀቱን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ሞተሯን በብርድ ይፍቃታል። ጅሬን ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ደግሞ ከዚህም ከፍ ስለሚል እዚያ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን ይበልጥ ያየዋል።

መፍትሔው ዋናውን መርፌ ቀስ በቀስ መዝጋት ነው። መለኪያችን «ሰዓት» ነው። የመርፌውን ጭረት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ካያችሁት፣ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ያለው የአንድ ዙር አሥራ ሁለተኛ ነው። በፈረንጅም በሐበሻም አቆጣጠር ያው ነው። ከፋብሪካው አከፋፈት ተነሥታችሁ አንድ ሰዓት ትዘጋላችሁ፣ ሙቀቱን ትለካላችሁ፣ ካልበቃ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራላችሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ፤ በአንድ ጊዜ ሦስት መዝጋት ግን ቁማር ነው። ነዳጅ ያነሳት ሞተር ዘይትም ያነሳት ሞተር መሆኗን አትርሱ። የሚኒሞውን መርፌ በመጀመሪያው ቀን አትንኩት።

ሙቀቱን ለመለካት ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ የተደገነው ዓይነት አይሆንም፤ እሱ ለሰው ትኩሳት ስለተሠራ ከ43 ዲግሪ በላይ ብዙም አያነብም። የሚፈለገው ለኤሌክትሪክና ለማሽን ጥገና የሚሸጠው ነው። እሱም ቢሆን በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፣ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ከላይ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ አነጣጥሩ፣ ወይም ቴስታታው ላይ በጥቁር ማርከር አንድ ቦታ አጥቁራችሁ ሁልጊዜ እዚያው ላይ በአንድ ርቀት ለኩ። መለኪያ የሌለው ሰው የውሃ ጠብታ ይጠቀማል፤ ጠብታዋ ቴስታታው ላይ ስታርፍ ፈልታ ከጠፋች ሞቋል ይባላል። ልብ በሉ፣ ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጠብታዋ ስትንጫጫ ሞተሯ 94ን እንዳለፈች ታውቃላችሁ፤ 100 ትሁን 125 ግን አትነግራችሁም።

ነዳጁ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለመኪና ታሽጎ የሚሸጠው ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 25 በመቶ ናይትሮሜቴን፣ ከ8 እስከ 16 በመቶ ዘይት፣ የቀረው ሜታኖል ነው። ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም፤ «ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞልኝ ይምጣ» የሚለውን ተስፋ ቁረጡ። ናይትሮ ከሌለ ሞተሯ አትሠራም ማለት ግን አይደለም። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ለአንዳንድ የሞዴል አውሮፕላን ውድድሮች የደነገገው ነዳጅ 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ የጉሎ ዘይት ብቻ ነው፤ ለአንድ ሊትር 800 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ጭሱ ይበዛል፣ ሚኒሞው ያስቸግራል፣ ጉልበቱም ያንሳል፤ «ሙቅ» የሚባለውን የካንዴላ ዓይነት ይፈልጋል። ለሮዳጅ ግን የጉሎ ዘይት መልካም ጓደኛ ነው፤ ሌሎች ዘይቶች በሚከሽፉበት ሙቀት ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ጉሎ ስንል ግን ምጣድ የሚታሰስበት፣ ቤት ውስጥ ተወቅጦ የሚወጣው አይደለም። እሱ ሙጫና ውሃ አለው፤ ፒስቶኑን ቡናማ ቀለም ይቀባዋል፣ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። የሚሆነው የተጣራው፣ መዓዛም ጣዕምም ያልተጨመረበት ነው። የሞተር ዘይት ወይም ለሞተር መጋዝ የሚሸጠው ቱ ቲ ዘይት (ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው) እንዴት ነው ለሚል፣ በብርጭቆ ይሞክረው፤ ሜታኖል ላይ ጥቂት ዘይት አፍስሶ በጥብጦ ሩብ ሰዓት ይተወው። ዘይቱ ለብቻው ሲቀመጥ ያየዋል። ታንኩም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሞተሯ ለተወሰነ ደቂቃ ደረቅ ሜታኖል ትጠጣና ትነክሳለች፣ ፒስቶኗ ይጣበቃል። የጉሎ ዘይት ግን ሜታኖል ውስጥ ጥርት ብሎ ይሟሟል።

ሜታኖልን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። አረቄም ውሃም በሃይላንድ በሚቀመጥበት አገር፣ እንደ ውሃ የጠራና እንደ አልኮል የሚሸት መርዝ በዚያው ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ሞትን መጥራት ነው። ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ትንሽ በዛ ካለ ይገድላል። በቱቦ በአፍ አይሳብም፤ ሲሪንጅ ወይም መሙያ ጠርሙስ ይበቃል። ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም። ምንም ሳይታያችሁ ሙቀት ከተሰማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ውሃ ያጠፋዋል፣ ከሜታኖል ጋር ይቀላቀላልና። ከአየር እርጥበት መሳብም ልማዱ ነው። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ክዳኑ ላልቶ ክረምቱን የከረመ ነዳጅ ውሃ የገባበት ነው፤ በእሱ መርፌ ለማስተካከል መሞከር በከንቱ መድከም ነው። ጠርሙሱ ሙሉ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ቦታው ጨለማ ይሁን።

አሁን ወደ ማስነሳቱ። የጅማ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ሞተሯን በዚያ ብርድ ከመሳባችሁ በፊት ቴስታታዋን በፀጉር ማድረቂያ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አሙቋት። 5 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መብራት ከሄደ መጠበቅ ይሻላል፤ ከሞተሯ ጋር ቀጠሮ የለንም። ለካንዴላው ከ1.2 እስከ 1.5 ቮልት ይበቃዋል። ሁለት የራዲዮ ድንጋይ በተከታታይ አስሮ 3 ቮልት መስጠት ውስጡ ያለችውን የፕላቲኒየም ጥቅል ሽቦ ወዲያው ያቃጥላታል። ገመዱን እስከ መጨረሻው አትሳቡት፤ 30 ሴንቲሜትር ያህል፣ ፈጠን አድርጎ። ከያዘ አትታገሉ። አንድም ጥበቱ ነው፤ ካንዴላውን ግማሽ ዙር አላልታችሁ አሳልፉት። አንድም ነዳጅ ከፒስቶኑ በላይ ሞልቷል፤ ካንዴላውን አውጥታችሁ መኪናዋን ገልብጣችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ በጉልበት የሳበ ሰው ቢየላ ያጣምማል።

የመጀመሪያው ታንክ ሲሞላ (75 ወይም 125 ሲሲ ነው፣ እንደ መኪናዋ መጠን) ቴስታታዋን በአሉሚኒየም ፎይል በከፊል ሸፍኑት፤ ሙቀቱ ቶሎ ከፍ እንዲል ይረዳል። ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ በሚኒሞ አስነሷት፣ አጠር አጠር ያለ ጋዝ ስጧት፣ 90 ስትደርስ መሬት አውርዷት። ጎማው በአየር ላይ እንዳለ ረጅም ጋዝ መስጠት የለም፤ የሚይዛት ጭነት ስለሌለ ዙሯ ከልክ ያልፋል። በሩብ ጋዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ክብ እየሠራች ትዙርና ትጠፋለች። ስታጠፏት የነዳጅ ቱቦውን አትጨብጡ፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነዳጅ ያጥራትና ዙሯ ይጨምራል፤ የማርሚታውን ጫፍ በጨርቅ ድፈኑት።

ከጠፋች በኋላ የሚመጣውን ብዙ ሰው ይዘላታል። ፒስቶኑ ታች እንዲቀመጥ ቮላኖውን አዙሩት። ጫፍ ላይ ከቆመ ስሊቩ ሲቀዘቅዝ በፒስቶኑ ላይ ይጨበጥበታል፣ ያ ውድ ጥበትም እዚያው ይለጠጣል። ካንዴላው በወጣበት ጊዜ ታችኛውን ቦታ አግኝታችሁ ቮላኖው ላይ በማርከር አንድ ነጥብ ካደረጋችሁ፣ ከዚያ በኋላ በጨረፍታ ይታያል። ከዚያ እጅ ላይ እስክትበርድ ጠብቋት፤ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መሞቅና መብረዱ፣ መስፋትና መጥበቡ፣ ከመዞሯ እኩል የሮዳጁ ሥራ ነው። ስለዚህ አምስት ታንክ በአንድ ከሰዓት አከታትሎ ማቃጠል ሮዳጅ አይባልም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ታንክ በግማሽ ጋዝ፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ በሚሆኑ ዙሮች ይነዳል። ቦታው ለስላሳ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ይሁን። ኮብልስቶን አይሆንም። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ አረፋ ይሠራል፣ ሞተሯ አረፋ ስትጠጣ ነዳጅ ያጠራት ትመስላለች፣ ባለቤቷም ያለ ጥፋቱ መርፌውን ይወቅሳል። ከአራተኛው ታንክ ጀምሮ በየታንኩ አንድ ሰዓት እየዘጋችሁ፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ልቀቋት። ስድስተኛው ላይ እንደ ልብ መንዳት ይጀመራል። በሙሉ ጋዝ ስትሄድ ከኋላዋ ስስ ሰማያዊ ጭስ መታየት አለበት፤ ጭሱ ከጠፋ፣ ድምጿ ከቀጠነ፣ ወይም ሙቀቷ ከ130 ካለፈ መርፌውን ወዲያው ክፈቱ።

የሚኒሞውን መርፌ ለማወቅ ቱቦውን መጨበጥ አሁን ይጠቅማል። በሚኒሞ ላይ ሳለች ስትጨብጡት ዙሯ ትንሽ ከፍ ብሎ ከሦስት አራት ሰከንድ በኋላ ከጠፋች ልክ ናት። ወዲያው ከጠፋች ነዳጅ አንሷታል፤ ዙሯ እየጨመረ ረጅም ጊዜ ከቆየች በዝቶባታል። መርፌ ምንም ቢነካ ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን አየር የሚገባበት ቦታ ፈልጉ፤ የካርቡሬተሩ ሥር፣ የኋላ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የተሰነጠቀ ቱቦ። ጀማሪዎች ለወራት መርፌ ሲያሽከረክሩ የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት የላላች ብሎን ምክንያት ነው።

በበጋ የጅማ ቀይ አፈር እንደ ዱቄት ይደቃል። ሮዳጅ ላይ ያለች ሞተር ዘይት ባልነከረ የአየር ፊልትሮ እሱን ከሳበች የአሸዋ ወረቀት ዋጠች ማለት ነው። ስፖንጁን በሞቀ ውሃና ሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ የፊልትሮ ዘይት ቀብታችሁ በእጅ ጨምቁት። አቧራ ሲበዛ በየሦስት አራት ታንኩ።

ለጅማ የትኛው ሞተር ይሻላል ከተባልኩ፣ ያለ ማመንታት ቤንዚን እላለሁ። ከ23 እስከ 30 ሲሲ የሆኑት፣ ትልልቆቹን መኪናዎች የሚነዱት ሞተሮች የሣር ማጨጃና የሞተር መጋዝ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ነዳጃቸው ከማደያ፣ ቱ ቲ ዘይታቸው ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። ቅልቅሉ 25 ለ1 ነው፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት። እዚህ ላይ የባጃጁ ምክር ግማሹ ይሠራል፤ ፒስቶናቸው ፋሻ አለውና። ግማሹ ግን አሁንም ስህተት ነው። ፋሻውን ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ የሚገፋው ከኋላው የሚገባው የጋዝ ግፊት ነው፤ ግፊት የሚመጣው ደግሞ ከጭነት። በሚኒሞ ለሰዓት ያንጎራጎረች ሞተር ፋሻዋ አይቀመጥም፣ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ዘይት ታሳልፋለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሊትር ጋዙን እያፈራረቁ፣ በአጫጭር ግፊት መንዳት ነው፤ ረጅም ሙሉ ጋዝም ረጅም ሚኒሞም አይፈቀድም። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን። ሁለተኛው ሊትር ሲያልቅ አውጥታችሁ እዩት። ጫፉ ገና ያልጠቆረ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው፤ ከነጣ ነዳጅ አንሷል፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቷል።

የሜታኖሏን ሞተር ቀኑ ሲያልቅ ነዳጅ ውስጧ ትታችሁ አታሳድሯት። ታንኩን አራግፉ፣ በቱቦ የቀረውን እስክትጠፋ አቃጥሉት፣ በካንዴላው ቀዳዳና በካርቡሬተሩ አራት አምስት ጠብታ ዘይት ጨምራችሁ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳቡ። ካላደረጋችሁ በክረምቱ እርጥበት ኩሽኔታው በሳምንት ውስጥ ይዝጋል፤ ቮላኖውን ስታዞሩ እንደ ደቃቅ ጠጠር ይሰማችኋል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሯ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለች፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ ቮላኖውን በጣት አዙሩት። «ጥ» የምትለዋ ከመጀመሪያው ቀን ለዘብ ብላ፣ ግን እዚያው ካለች ሮዳጇ በሥርዓት ወጥቷል። ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ያለ ምንም ስሜት ካለፈ ግን ጥበቱ ተፍቋል፤ ፒስቶንና ስሊቭ ደግሞ ተለካክተው በጥንድ ስለሚሸጡ አንዱን ብቻ ገዝቶ መቀየር አይቻልም።